አውጪው በዝቷል፤ ተቀባዩስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በጋዜጦቻችን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመሪዎች ውይይት፣ የጋራ መግለጫና የሥነ መለኮት ክርክር ነው። ይህ አይናቅም። እኛ ግን በወንጌላውያንና በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት መዘምራንን የምናሠለጥን ስለሆንን፣ ከዚያ ወረድ ብለን አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለምስጋና በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ምስጋናው ከማን አፍ ይወጣል?

መልሱ ያሳዝናል። የሚወጣው ከመድረኩ ነው። አምስት ቤተ ክርስቲያን ይጋበዛል። አምስት የመዘምራን ቡድን የደንብ ልብሱን ለብሶ በተራ ይወጣል። ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ተሰጥቶት 25 ደቂቃ ይወስዳል። ተራውን የጨረሰው ቡድን ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቡድን ሲደርስ የሚሰማው የራሱ ሰው ብቻ ነው። ሕዝቡ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሲያይና ሲያጨበጭብ ከቆየ በኋላ የአንድነት ጉባኤው በሰላም ተፈጸመ ተብሎ ይሸኛል። በአገራችን የዜማ ልማድ መዝሙር አውጪና ተቀባይ አለው፤ አውጪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በጋራ ጉባኤዎቻችን አውጪው በዝቷል፣ ተቀባዩ ጠፍቷል። ምስጋና አንድነትን እንዲወልድ ከተፈለገ ድካሙና ዝግጅቱ ሁሉ ለተቀባዩ መሆን አለበት። የምንጽፈውም ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው።

አሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮም ሲጽፍ ጉባኤው ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ ሁሉን ይበላል፣ ሌላው አትክልት ብቻ፤ አንዱ ቀንን ከቀን ያበልጣል፣ ለሌላው ቀኑ ሁሉ እኩል ነው። ምዕራፍ 14 በዚህ የተሞላ ነው። ጳውሎስ አንዱን ወገን አሸናፊ አድርጎ ክርክሩን አልዘጋውም። ምዕራፍ 15 ላይ የለመነው «በአንድ ልብ ሆናችሁ በአንድ አፍ» እግዚአብሔርን እንዲያከብሩ ነው። ወዲያውም ከቁጥር 9 እስከ 12 አራት ጥቅስ ይደረድራል፤ ሁለቱ ከመዝሙረ ዳዊት፣ አንዱ ከዘዳግም፣ አንዱ ከኢሳይያስ። ከአራቱ ሁለቱ አሕዛብ እንዲያመሰግኑና ደስ እንዲላቸው የሚጠሩ ናቸው። ልብ በሉ፣ «በአንድ አፍ» ነው ያለው፤ በተራ በተራ አላለም።

በታናሽ እስያ ያለችው የቢታንያ ገዥ ፕሊኒም እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ትራያን ስለ ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ ገልጿል። ክርስቲያን ያልሆነ ሰው ከውጭ ሆኖ ያስተዋለው መቀባበላቸውን ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ወንጌላዊውም የሚያከብሩት ባስልዮስ ዘቂሣርያ፣ አብሮት ወደ እግዚአብሔር አንድ ድምፅ ያሰማውን ሰው ማን ጠላቴ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል ብሎ ጠይቋል። መዝሙር የተጣሉትን ያስታርቃል ማለቱ ነበር።

እንግዲህ ከቃሉ እንጀምር። በጋራ ምስጋና የመጀመሪያው ጠብ የሚመጣው በምን ቃል እንዘምር በሚለው ነው። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የራሱን ዝነኛ መዝሙር ያቀርባል፤ የአንዱ መዝሙር ለሌላው እንግዳ ነው፤ አንዳንዱ ግጥም ደግሞ ሌላው ወገን አሜን ሊልበት የማይችለውን ትምህርት በመካከሉ ይዟል። መፍትሔው ሁሉም ቀድሞ የተቀበለው መጽሐፍ ነው፦ መዝሙረ ዳዊት። ኦርቶዶክሱ ከፊደል ቀጥሎ ይማረዋል፤ 10 መዝሙሩን አንድ ንጉሥ ብሎ፣ 150ውን በ15 ንጉሥ ከፍሎ ይደግመዋል። ካቶሊኩ በየቅዳሴው ከንባብ በኋላ እየተቀበለ ያዜመዋል። ወንጌላዊው በቃሉ ያጠናዋል። በዳዊት ላይ እንግዳ የሚሆን ክርስቲያን የለም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ አዘጋጆችን የሚጥል እንቅፋት አለ። የመዝሙሩ ቁጥር በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ኦርቶዶክሳውያን የሚደግሙት ዳዊት የሰባው ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጕም) ቁጥር ይከተላል፤ ወንጌላውያን የለመዱት የዕብራይስጡን ነው። ከ1 እስከ 8 ሁለቱም እኩል ይሄዳሉ። በዕብራይስጡ 9 እና 10 የተባሉት በሰባው ሊቃናት አንድ መዝሙር ስለሆኑ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በአንድ ያንሳል። የዕብራይስጡ 114 እና 115 ተጣምረው 113 ይሆናሉ፤ 116 ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ 114 እና 115 ይሆናል። በመጨረሻ የዕብራይስጡ 147 ለሁለት ተከፍሎ 146 እና 147 ስለሚሆን፣ 148፣ 149 እና 150 እንደገና ይገጥማሉ። ስለዚህ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ለአንዱ 22፣ ለሌላው 23 ነው። «መዝሙር 50ን እናንብብ» ሲባል አንዱ ወገን የዳዊትን የንስሐ ጸሎት ይጀምራል፣ ሌላው ፍጹም ሌላ መዝሙር ያወጣል። አዳራሹ ይንሾካሾካል፤ አንዱ የሌላው መጽሐፍ የተሳሳተ ይመስለዋል። ይህን ለማዳን በታተመው ወረቀት ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍና ቃሉን ራሱን ሙሉ በሙሉ ማተም በቂ ነው። ፊደሉ ከ14 ነጥብ ባያንስ ለአረጋውያን ይመቻል። ከስልክ አንብቡ ማለት አይሠራም፤ እያንዳንዱ ስልክ የተለያየ ትርጕም ስለሚያወጣ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፁ ይበተናል።

የቃል ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ ሕዝብን ያደናቅፋል። አንዱ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ሲል ሌላው «ናትና» ይላል። «አባታችን ሆይ» ሲባልም በላቲን ሥርዐት የለመዱ ካቶሊኮች «ከክፉ አድነን» ላይ ያቆማሉ፤ ሌሎቹ «መንግሥት ያንተ ናትና» ብለው ይቀጥላሉ፤ ያቆመው ቀጣዩን ሰው ዞር ብሎ ያያል። የትኛው ይሁን የሚለው በዝግጅት ኮሚቴው ይወሰንና በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሕዝቡ ከቆመ በኋላ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ከመዝሙሮቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል መዝሙር 136ን (135) እንመርጣለን። 26 ቁጥር አለው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ አንድ ዓይነት ቃል ይመለሳል፤ በግዕዙ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ነው። ተቀባይ እንዲኖረው ሆኖ የተጻፈ መዝሙር ነው። በኦርቶዶክስ ማኅሌት «እስመ ለዓለም» የሚባለው የዜማ ክፍል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው፣ የ5 ዓመት ሕፃን፣ አማርኛ የማያውቅ እንግዳ፣ ሁሉም ከሦስተኛው ቁጥር በኋላ ይዘምረዋል። አንዱ ቁጥር ከምላሹ ጋር 12 ሰከንድ ቢወስድ ጠቅላላው ከ5 ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

የተራውንም ጠብ ይኸው መዝሙር ይፈታል። ከቁጥር 1 እስከ 9 ምስጋናና ፍጥረት ነው፤ ከ10 እስከ 22 ከግብፅ መውጣትና ምድሪቱን መውረስ፤ ከ23 እስከ 26 በውርደታችን ያሰበን እግዚአብሔር። ሦስት ክፍል ማለት ሦስት አውጪ ማለት ነው። አንዱን የመካነ ኢየሱስ፣ አንዱን የካቶሊክ፣ አንዱን የሙሉ ወንጌል ሰው ቢያወጣው ማንም አልተዘነጋም፤ ምላሹ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሕዝቡ ነው። ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ የሴቶቹ ድምፅ ወዲያው ይነሣል፤ ኪው (ዜማው የሚነሣበት የድምፅ ከፍታ) የራሳቸው ሆኖ ይሰማቸዋልና።

ምላሽን ማስተማር ራሱ ሙያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም በንግግር ብዛት ነው። «አሁን አንድ የሚያምር ነገር እናስተምራችኋለን፣ እኔ ስል እናንተ...» ተብሎ ሁለት ደቂቃ ከተብራራ ሕዝቡ ተማሪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጥሩ አውጪ አያብራራም። ምላሹን ለብቻው፣ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ከበሮ፣ አንድ ጊዜ ይላል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚለው፤ ተራው የእርሱ ነው ማለት ነው። ከዚያ ማይኩን ከአፉ ያርቅና መዳፉን ወደ ሕዝቡ ይዘረጋል። የመጀመሪያው ምላሽ ሁልጊዜ ደካማ ነው። እዚህ ላይ «አልሰማኋችሁም!» ብሎ መጮኽ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የማያውቀውን ቤት ዜማ ፈራ ተባ እያለ የጀመረ ሰው ያፍራል። በተመሳሳይ ድምፅ፣ ሳይጮኽ፣ ምላሹን ይደግመዋል፤ እጁን ይዘረጋል። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይሞላል። ከበሮ የሚገባው ያኔ ነው።

ወደ ዜማው እንለፍ። ለብዙ ሰው የሚመቸው የድምፅ ክልል ከዶ እስከ ላይኛው ሬ፣ 9 እርከን ያህል ነው፤ ወንዶች ያንኑ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ያዜሙታል። ዛሬ የምንሰማቸው የካሴትና የዩቲዩብ መዝሙሮች ግን የተቀረጹት ለአንድ የሠለጠነ ድምፅ ነው፤ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ከዚህ ክልል በጥቂት እርከን ያልፋሉ። አውጪው ደርሶበት ያስደንቃል፤ ሕዝቡ ዝም ይላል። ስለዚህ ኪው በአንድ ተኩል ወይም በሁለት ሙሉ ድምፅ መውረድ አለበት። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ እየነኩ ኪ ከፍ ማድረግም ልማድ ሆኗል። አንድ ጊዜ ቢሆን ሕዝቡን ያነሣሣዋል፤ ሦስተኛው ላይ ግን የሚዘምሩት መድረክ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው።

ከቅኝቶቻችን ትዝታ ለብዙ ሕዝብ ይቀላል፤ በኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤትም በወንጌላውያንም ጆሮ የገባ ስለሆነ ማንም የማን ነው አይልም። ባቲና አምባሰልም ይሆናሉ። አንቺ ሆዬን ግን ለመጀመሪያ የጋራ ስብሰባ አንመክርም። እርከኖቹ ላልተለማመደ ጆሮ ይከብዳሉ፤ ኪቦርዱ ደግሞ የምዕራባውያኑን ኮርድ ሲጭንበት ዜማው ይፈርሳል። በአራት ድምፅ ከፋፍሎ መዘመርም ቢሆን፣ ሶፕራኖው ዋናውን ዜማ ይዞ ካልቆየ ሕዝቡ የቱን እንደሚከተል ያጣል። ለጋራ ምስጋና አንድ ድምፅ ይሻላል።

አሁን ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰውን እናንሣ፦ የድምፅ መሣሪያውን። ሰው አጠገቡ የቆመውን ሰው ድምፅ ካልሰማ አፉን ይዘጋል። ስፒከሩ ከ95 ዴሲቤል ሲያልፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ጉሮሮውን ቢከፍትም ባይከፍትም ለውጥ እንደሌለው ሲያውቅ ወደ ተመልካችነት ይመለሳል። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ አለ፤ በትክክለኛነቱ ባይመካም ለዚህ ይበቃል። አዳራሹ መካከል ቆሞ ለክቶ ወደ 85 ገደማ ማድረግ ነው። ከዚያ በጣም ቀላሉ ፈተና ይቀራል። በመጨረሻው ቁጥር ላይ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉንም ያጥፋ። መዝሙሩ ከቀጠለ ሕዝቡ ሲዘምር ነበር ማለት ነው። ከቆመ ግን እስከዚያ ድረስ የሰማነው የመድረኩን ድምፅ ብቻ ነበር።

በሜዳ ላይ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ይህን ብዙ አውጪዎች እንደ ሕዝቡ ስንፍና ይቆጥሩታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከመድረኩ 50 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከበሮውን የሚሰማው 0.15 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰማው መሠረት ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ወደ መድረኩ ለመመለስ ሌላ 0.15 ሰከንድ ይፈጅበታል። መድረኩ ላይ ያለው አውጪ ጭብጨባውን በ0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል ማለት ነው። መዝሙሩ በደቂቃ 100 ምት የሚሄድ ከሆነ አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ጭብጨባው በሁለት ምት መካከል፣ እጅግ በሚረብሽበት ቦታ ላይ ይወድቃል። አውጪው ሕዝቡ የጎተተ ይመስለውና ያፈጥናል። ምቱ ባጠረ መጠን መዘግየቱ ይባስ ይጎላል። ከዚያ በኋላ ሜዳው በሦስት ተከፍሎ በሦስት የተለያየ ምት ያጨበጭባል።

ይህን ማስተካከል ይቻላል። አንደኛ፣ ለሜዳ የሚመረጠው መዝሙር በደቂቃ ከ60 እስከ 70 ምት የሚሄድ ይሁን። ምቱ አንድ ሰከንድ ያህል ሲሆን ያው 0.3 ሰከንድ ብዙም አያስቸግርም። ፈጣኑን የስድስት በስምንት ምት ለአዳራሽ እናቆየው። ሁለተኛ፣ መካከል ላይ ተጨማሪ ስፒከር ከቆመ ዲሌይ (ድምፁን የሚያዘገይ ማስተካከያ) ይግባበት፤ ለእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ ያህል፣ ለ50 ሜትር ወደ 150 ይሆናል። ያለዚያ ኋላ ያለው ሰው አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል። ሦስተኛ፣ አውጪውና ከበሮ መቺው ጆሯቸውን ለሜዳው ማስተጋባት አይስጡ፤ እርስ በርስ እየተያዩ ምቱን ይያዙ። ከበሮውም አንድ ይሁን። ሦስት ቤተ ክርስቲያን ሦስት ከበሮ ካመጣ ሁለቱ በክብር ይቀመጡ።

መዘምራኑ ታዲያ ምን ይሥሩ? ከመድረክ ይውረዱ። ለ500 ሰው 20 መዘምራን ይበቃሉ፤ አራት አራት እየሆኑ በአምስት ቦታ በሕዝቡ መካከል ይቁሙ። እያንዳንዱ አራት ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን የተውጣጣ ይሁን፤ የደንብ ልብስ አይልበሱ። በዙሪያቸው ያለ ሰው ዜማውን ከጎረቤቱ ጆሮ ለጆሮ ይይዛል። መዘምራኑ ይህን አይወዱትም፤ በተለይ ወጣቶቹ። ደክመው ያጠኑት እንዳይታይ የተደረገባቸው ይመስላቸዋል። ግን እነርሱ በሕዝቡ መካከል የቆሙበት ሥፍራ ሲዘምር፣ ያልቆሙበት ጥግ ዝም ሲል በአንድ ልምምድ ላይ ብቻ ያዩታል። ልምምዱ ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ቢደረግ እንመክራለን። የአንዱን ደጃፍ ረግጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ የመጣ መዘምር በዕለቱ እንግዳ አይሆንም።

ጠቅላላው ጊዜ ከ60 ደቂቃ ባያልፍ ጥሩ ነው። በዝምታ ይጀመር፤ 2 ደቂቃ ሙሉ፣ ያለ ኪቦርድ። ቀጥሎ መዝሙር 95 (94) ለመግቢያ፤ የወንጌል ንባብ፤ መዝሙር 136 እንደ ተባለው፤ ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ታመሙና ስለ ተፈናቀሉ ምልጃ፣ ከእያንዳንዱ ልመና በኋላ ሕዝቡ «አቤቱ ማረን» እያለ፤ «አባታችን ሆይ»፤ በመጨረሻ መዝሙር 150፣ እልልታው ሳይከለከል። እልልታ ኦርቶዶክስም ካቶሊክም ጴንጤም የለውም፤ የሁላችንም እናቶች ያውቁበታል። ስብከት ካለ ከ8 ደቂቃ አይለፍ፤ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን በስምም በአሽሙርም የሚነካ ቃል እንዳይኖርበት ጽሑፉ ቀድሞ ለኮሚቴው ይቅረብ። መባ አይሰብሰብ፤ የማን ሣጥን ይሁን የሚለው ጥያቄ ብቻውን የሦስት ሳምንት ዝግጅት ያፈርሳል። በልሳን መጸለይ የለመዱ ወገኖች በዚያ ሰዓት ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ፣ በጸጥታ የለመዱት ደግሞ በጭብጨባው እንዳይከፉ ሁለቱም ቀድመው ይነገራቸው። ሌላው ቀርቶ ጫማ ማውለቅ እንኳ፣ ስብሰባው በማን ቤት እንደሚሆን ታውቆ አስቀድሞ ቢነገር ማንም አያፍርም።

ስለ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ መናገር ይገባል። ከሌላ እምነት ሰው ጋር በአንድነት መጸለይን በሚመለከት ቀኖና አላት፤ በቅዳሴና በቁርባን የምትተባበረው ከእኅቶቿ ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመን፣ ከሕንድና ከኤርትራ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ነው። ይህን እንደ ጥላቻ የሚቆጥር ወንጌላዊ ወንድማችን ተሳስቷል። አንድን ምእመን ከካህኑ ትእዛዝ አስወጥቶ በጋራ መድረክ ላይ ማቆም አንድነትን አያመጣም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። ደግሞም ከዚህ በላይ የጻፍነውን የመቀባበል ሥርዐት ከማንኛችንም አስቀድማ ጠብቃ ያቆየችልን እርሷ ናት። ዲያቆኑ ከወንጌል በፊት ሦስት ስንኝ ያላትን ምስባክ ከዳዊት ይሰብካል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በአንድ አዳራሽ ባንሰበሰብም በአንድ ቀን አንዱን መዝሙር እያንዳንዳችን በየቤተ ክርስቲያናችን ልናዜም እንችላለን። ለዚህ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ ማንም ቀኖናውን አይጥስም።

መቼ ይሁን? በዓለም ላይ ለክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ የተጀመረው ነው፤ ከጃንዋሪ 18 እስከ 25 ይከበራል። ከ1968 ወዲህ ጽሑፉን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት አብረው ያዘጋጁታል፤ የእኛዋ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም መካነ ኢየሱስም የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። ግን ጃንዋሪ 18 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥር 10፣ ከተራ ነው። አገሩ ሁሉ ታቦት ሲያጅብ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሌላ ሳምንት መጀመር አይሆንም። በደቡባዊው የዓለም ክፍል ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ጃንዋሪ የዕረፍት ወቅት ስለሆነባቸው ብዙዎቹ ወደ ጰራቅሊጦስ ሰሞን አዙረውታል። ለእኛም የሚሻለው ይኸው ነው።

ለዚያ ሰሞን ሌላው ዓለም የሌለው ጸጋ አለን። በሌላው ዓለም ምሥራቁና ምዕራቡ ፋሲካን በተለያየ ቀን ያከብራሉ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለቱ ሲገጥሙ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ወንጌላዊውም በየዓመቱ በአንድ እሑድ «ክርስቶስ ተነሥቷል» ይላል። ዕርገታችንና ጰራቅሊጦሳችንም እንዲሁ አብረው ይውላሉ። ከዕርገት ሐሙስ እስከ ጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ሁለቱም ተቆጥረው፣ 11 ቀን ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ዋናው ክረምትም አልገባም፤ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሊመጣ ስለሚችል ብቻ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብ ጧት ላይ ያድርገው። ሐዋርያትም በእነዚያ ቀናት በአንድ ልብ ሆነው ለጸሎት ይተጉ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ይመሰክራል።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ነገሩ ትንሽ ይለያል። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የአማርኛ ጉባኤዎች የሚሰበሰቡት በሌላ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ባለቤቶቹ ጧት ወጥተው እኛ ከሰዓት እንገባለን፤ በኮሪደር ሰላምታ ከመለዋወጥ አያልፍም። ለእነርሱም መዝሙር 136 ይሠራል፤ ቁጥሩን ባለቤቶቹ በቋንቋቸው ያውጡ፣ ምላሹን ሁሉም በአማርኛ ወይም በግዕዝ ይቀበል፤ ሦስት ቃል ለማንም አይከብድም። በዓረብ አገሮች ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ የብዙ አገር ጉባኤ በሰዓት ተከፋፍሎ ያመልካል። የአንዱ ማብቂያና የሌላው መጀመሪያ ላይ 10 ደቂቃ ተወስዶ፣ ወጪውም ገቢውም ቆሞ፣ ከመዝሙሮች ሁሉ አጭሩን መዝሙር 117ን (116) አብሮ ቢያነብ ይችላል፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 15 የጠቀሰውም ይኸንኑ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀጥራ እሑድ እንኳ የማትወጣ እኅታችንም ብትሆን የዕለቱን መዝሙር በስልኳ ብታገኘው፣ ኩሽና ውስጥ ሆና ከኋላችን ትቀበላለች።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ዕርገት ሳምንት የ11ዱን ቀን መዝሙር ከሁለቱም ቁጥር ጋር በአንድ ማዕዘን አትሙልን። ለዕርገት ሐሙስ «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» የሚለው 47 (46)፤ ለዓርብ 95 (94)፤ ለቅዳሜ 96 (95)፤ ለእሑድ 100 (99)፤ ለሰኞ 103 (102)፤ ለማክሰኞ 117 (116)፤ ለረቡዕ 133 (132)፤ ለሐሙስ 136 (135)፤ ለዓርብ 148፤ ለቅዳሜ 150፤ ለጰራቅሊጦስ እሑድ መንፈስህን ትልካለህ የሚለው 104 (103)። ቦታ ከጠበበ ቁጥሮቹ ብቻ ይበቃሉ፤ ቃሉ በየቤቱ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመዘምራን ማሠልጠን አገልግሎት ላይ ያለን ወንድሞችና እኅቶች
አዲስ አበባ